ብርቱካን ከመምጣቱ በፊት ቀለሙ ማን ይባል ነበር?

ንግግሬን በጥያቄ ልጀምር። በባሌ ተራሮች የሚኖረው ቀይ ቀበሮ እውነት ቀይ ነው? በርበሬ ቀይ ነው፣ ደም ቀይ ነው፤ የቀበሮው ጠጉር ግን ከሁለቱ አጠገብ ቢቀመጥ ልዩነቱ ለማንም ይታያል። ሆዱ ነጣ ይላል፣ ጀርባው ወደ ብርቱካን ያደላል። እንዲያም ሆኖ «ብርቱካናማ ቀበሮ» ያለ ሰው አልሰማሁም። ጓዳ ብንገባም ያው ነው፤ ቀይ ሽንኩርት የምንለው ልጣጩ ሐምራዊ ነው፣ ስሙን ለማረም ያሰበ ግን የለም።

እንግሊዞችም በዚህ ረገድ ከእኛ አይለዩም። የአገራቸውን ቀበሮ ቀይ ይሉታል። ጠጉሩ ካሮት የመሰለ ሰው ሲያዩ «ቀይ ጠጉር አለው» ይላሉ። በብርድ ወራት በየጓሮው የምትታይ፣ በገና ካርዳቸው ላይ የምትሳል ሮቢን የምትባል ትንሽ ወፍ አለቻቸው፤ ደረቷ ጥርት ያለ ብርቱካናማ ሆኖ ሳለ ከጥንት ጀምሮ «ደረተ ቀይ» ትባላለች። ምክንያቱ እንቆቅልሽ አይደለም። እነዚህ ስሞች ሲወጡ እንግሊዝኛ «ኦሬንጅ» የሚባል የቀለም ስም አልነበረውም።

የዛሬው ንግግሬ በዚህ በአንድ ቃል ላይ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላስታውስ።

የቀለም ስም አልነበረም ስል ሰዎቹ ቀለሙን አያዩትም ነበር ማለቴ አይደለም። የእሳት ነበልባልና የምሽት ፀሐይ በዚያም አገር ነበሩ። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ቢጫና ቀይ የሚሉትን ሁለት ቃላት አጋጥሞ የተሠራ አንድ ስም ይገኝ ነበር፤ «ቢጫ ቀይ» እንደ ማለት ነው። በ1400 ያረፈው ጄፍሪ ቾሰር፣ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ አባት የሚባለው፣ በ«ካንተርበሪ ተረቶች» ውስጥ ስለ አንድ አውራ ዶሮ ሕልም ይተርካል። ዶሮው በሕልሙ አንድ አውሬ ያያል፤ አውሬው ቀበሮ ነው። መልኩን ለሚስቱ ሲነግራት ቀለሙ በቢጫና በቀይ መካከል እንደ ነበረ ይገልጽላታል። ቃል የማይቸግረው ያ ገጣሚ እንኳ ቀለሙን በሁለቱ ጎረቤቶቹ መካከል አስቀምጦ አለፈ።

ፍሬው ግን በዚያው በ14ኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝ አገር ይታወቅ ነበር፤ ስሙም በጽሑፍ ገብቷል። ከደቡብ አገሮች በመርከብ የሚመጣ፣ የባለጸጎችን ገበታ ብቻ የሚያውቅ ውድ ነገር ነበር። የፍሬው ስም ወደ ቀለሙ ለመሻገር ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። ተገኝተው ከታወቁት ጽሑፎች ውስጥ «ኦሬንጅ» ለቀለም የተነገረበት ቀዳሚው የ1502 ነው። በዓመቱ የስኮትላንድን ንጉሥ አግብታ ንግሥት ለሆነችው ለማርጋሬት፣ ለንጉሥ ሄንሪ ሰባተኛ ልጅ፣ የተገዛ ልብስ በተመዘገበበት ሒሳብ ላይ ይገኛል። ሌላው ቀደምት ምስክር ደግሞ የ1512 የኑዛዜ ወረቀት ነው። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ቃሉን በቀለምነቱ ያቆየልን ገጣሚ ወይም ፈላስፋ አይደለም፤ የቤተ መንግሥት ሒሳብ ጸሐፊ ነው። ገጣሚ «በቢጫና በቀይ መካከል» ብሎ ማለፍ ይችላል፤ ሐር የሚሸጥ ነጋዴ ግን እንዲህ ቢል ደንበኛው ያልፈለገውን ጨርቅ ይዞ ይሄዳል። ነጋዴ ስም ያስፈልገዋል።

እኛም ከነገሩ ስም ወደ ቀለሙ የሄድነው በዚሁ መንገድ ነው። ቡኒ የምንለው ከቡና ነው። ወይን ጠጅ የምንለው መጠጡን ነው። ብርቱካናማ ደግሞ ግልጽ ነው። በ1969 ብሬንት በርሊንና ፖል ኬይ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ምሁራን 98 ቋንቋዎችን አነጻጽረው ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ቋንቋዎች ለቀለም መሠረታዊ ስም የሚያወጡት በዘፈቀደ ሳይሆን በቅደም ተከተል ነው ብለዋል። ጥቁርና ነጭ ይቀድማሉ፤ ቀይ ይከተላል፤ ብርቱካናማ ከሐምራዊ፣ ከሮዝና ከግራጫ ጋር በመጨረሻው ረድፍ ይመጣል። ከእነሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች በዝርዝሩ ላይ ብዙ ተከራክረውበታል፤ ቀይ ቀድሞ ብርቱካናማ መዘግየቱን ግን የእኛው ቀበሮም ይመሰክራል።

አሁን ቃሉ ወደ መጣበት መንገድ እንሂድ። ብርቱካን ከጥንት በዱር የበቀለ ፍሬ አይደለም። ፖሜሎ የሚባለው ትልቁ የሎሚ ዘመድና መንደሪን ተዳቅለው የተገኘ ነው፤ አገሩም እስያ ነው። የሥነ ቋንቋ ሊቃውንት የስሙን ሥር በደቡብ ሕንድ በሚነገሩት የድራቪድ ቋንቋዎች ውስጥ ያገኙታል። ከዚያ ወደ ሳንስክሪት ገብቶ «ናራንጋ» ሆነ። ፋርሶች «ናራንግ» አሉት፤ ዐረቦች «ናራንጅ»። ዐረቦች ፍሬውን በ10ኛው መቶ ዘመን ገደማ ወደ ሲሲሊና ወደ ስፔን አሻገሩት። ያ ግን ዛሬ ልጠን የምንበላው አይደለም፤ መራራው ዓይነት ነው። ሰዎች የሚፈልጉት ለመዓዛው፣ ለመድኃኒትነቱና ለወጥ ማጣፈጫነቱ ነበር። እንግሊዞች ዛሬም ማርማላታቸውን የሚሠሩት ከመራራው ነው።

ስፔኖች ቃሉን ሳይነኩት «ናራንሃ» አሉ። ጣልያኖች ግን «አራንቻ» ይላሉ፤ ፈረንሳዮች «ኦራንዥ»። መጀመሪያው ላይ የነበረችው «ና» የት ገባች? እዚህ ላይ በሰፊው የሚነገር አንድ ተረት አለ፤ ጥፋቱ የእንግሊዞች ነው ይላል። በእንግሊዝኛ ከስም በፊት «አንድ» ለማለት «ኤ» ወይም «አን» ይቀድማል። «ኤ ኖሬንጅ» ሲባል ጆሮ «አን ኦሬንጅ» ብሎ ሰማው፣ ፊደሏም ወደ ጎረቤት ቤት ተዛወረች ይባላል። እንዲህ ያለ ነገር በእንግሊዝኛ መድረሱ እውነት ነው። ሽርጥ ድሮ «ኔፕረን» ነበር፣ ዛሬ «ኤፕረን» ነው። አደር የተባለችው እባብ ድሮ «ናደር» ነበረች። በተቃራኒው ደግሞ ኒውት የሚባለው ትንሽ የውኃ ፍጥረት የስሙን መነሻ «ኒ» ከጎረቤቱ የወረሰ ነው። ብርቱካን ላይ ግን እንግሊዞች ንጹሕ ናቸው። ቃሉ እጃቸው ሲደርስ «ና» ቀድማ ጠፍታ ነበር፤ የወሰዷት ጣልያኖችና ፈረንሳዮች ናቸው፤ መንገዱም ያው የ«አንድ» ቃል ከስሙ ጋር መጋጨት ነው። በፈረንሳይኛ «ኦር» ማለት ወርቅ መሆኑም ሳይረዳ አልቀረም ይባላል፤ የወርቅ መልክ ያለው ፍሬ የወርቅ ድምፅ ያለው ስም ቢያገኝ ማን ይከለክላል?

ጣፋጩ ብርቱካን አውሮፓን በደንብ ያወቀው በ15ኛው መጨረሻና በ16ኛው መቶ ዘመን ነው፤ ትልቁን ድርሻ የያዙትም ፖርቱጋሎች ናቸው። ቫስኮ ዳ ጋማ ሕንድ የደረሰው በ1498 ነው። ከእነሱ የገዙ ሕዝቦች ፍሬውን በሻጩ አገር ስም ጠሩት። ግሪኮች «ፖርቶካሊ»፣ ቱርኮች «ፖርታካል»፣ ዐረቦች «ቡርቱቃል» አሉት። በአንዳንድ የዐረብኛ ዘዬዎች መጨረሻው «ል» «ን» ሆኖ «ቡርቱካን» ይባላል። ከዚህ በኋላ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ቁርስ ላይ «አንድ ብርቱካን አቀብለኝ» ስንል የአንድ አገር ስም እየጠራን ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ብቆይ ይቅር በሉኝ፤ ጉዳዩ የራሳችን ነው። የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ክሪስቶፎር ዳ ጋማ በ1541 አራት መቶ ያህል ወታደሮች አስከትሎ በምፅዋ በኩል ወደ አገራችን ገብቶ ነበር፤ አፄ ገላውዴዎስን በግራኝ አሕመድ ላይ ለመርዳት። ታዲያ ብርቱካን የሚለውን ቃል ያመጡት እነዚያ ፖርቱጋሎች ይሆኑ? ደስ የሚል ታሪክ ይወጣው ነበር፤ የቃሉ መልክ ግን እምቢ ይላል። ፖርቱጋሎች ራሳቸው ፍሬውን በአገራቸው ስም አይጠሩትም፤ «ላራንዣ» ነው የሚሉት፤ ያው የጥንቱ «ናራንጅ» ፊት ፊደሉን ለውጦ። ስሙን ከአፋቸው ተቀብለነው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ከመርካቶ የምንገዛው ላራንዣ ነበር። «ብርቱካን» የዐረብ ነጋዴ አሻራ ያለበት ቃል ነው። ሎሚና ትርንጎም በዐረብኛና በፋርስኛ ዘመዶች ስላሏቸው፣ ስማቸው በዚያው የንግድ መስመር የተጓዘ ይመስላል።

ሌሎቹን ቋንቋዎች በአጭሩ ልለፋቸው። ኔዘርላንዶች ፍሬውን «የቻይና ፖም» ይሉታል፤ ጀርመኖችም እንዲህ ያለ ስም አላቸው። እስራኤል ያላችሁ ወገኖች «ታፑዝ» ትሉታላችሁ፤ «የወርቅ ፖም» የሚሉት ሁለት ቃላት አጥረው የተፈጠረ ሲሆን ሐረጉ በመጽሐፈ ምሳሌ የሚገኝ ነው። ዕብራይስጥ ለቀለሙ ሌላ ቃል ስላለው ፍሬውና ቀለሙ እዚያ በስም አይገናኙም። ፋርስኛ ደግሞ ከሁሉም ያስቀኛል፤ ፍሬውን በአዲሱ ስም «ፖርተቃል» ብሎ ቀለሙን በአሮጌው ስም «ናረንጂ» ይለዋል።

እስካሁን ያወራነው ስለ ፍሬ ነው። ኦሬንጅ የሚለው ስም ግን አንድ ከተማም ነው፤ ከዚህ በኋላ ነገሩ ይወሳሰባል። በደቡብ ፈረንሳይ፣ ከአቪኞን አጠገብ፣ የሮማውያን ትያትር ቤት እስከ ዛሬ የቆመባት ኦራንዥ የምትባል ከተማ አለች። ስሟ ከፍሬው ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ጥንት «አራውሲዮ» ትባል ነበር፤ ኬልቶች ያመልኩት በነበረ የውኃ አምላክ ስም። ዘመናት ሲያልፉ «አራውሲዮ» እያጠረ፣ «ናራንጅ» ራሱ እየተቆረጠ መጥተው አንድ ድምፅ ላይ ተገናኙ። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ሞክሼ እንደሚሆኑት ማለት ነው። በአጋጣሚ የመጣ ሞክሼነት ይህን ያህል መዘዝ ያስከተለበት ሌላ ቃል እኔ አላውቅም።

ከተማዋ የአንዲት ትንሽ ልዑልነት መቀመጫ ነበረች። በ1544 የከተማዋ ልዑል በጦርነት ሲሞት ርስቱ 11 ዓመት ለሆነው ለአጎቱ ልጅ ለናሳው ዊልያም ተላለፈ። ይህ ልጅ አድጎ «ዝምተኛው ዊልያም» ተባለ፤ ኔዘርላንዶች በስፔን ንጉሥ በፊሊጶስ ሁለተኛ ላይ ሲነሡ መሪያቸው ሆነ፤ በ1584 ዴልፍት ላይ በነፍሰ ገዳይ ጥይት ሞተ። የእሱ ወገኖች ያነሡት ሰንደቅ ብርቱካናማ፣ ነጭና ሰማያዊ ነበር። ከውኃ አምላክ የወረደው ስም በዚህ ጊዜ የፍሬውን ቀለም ለበሰ። በ17ኛው መቶ ዘመን የሰንደቁ የላይኛው መደብ ቀስ በቀስ በቀይ ቢተካም፣ ዛሬም በነገሥታቱ የልደት ቀን ከሰንደቁ በላይ ቀጭን ብርቱካናማ ጥብጣብ ይሰቀላል። ኔዘርላንድስ የምትኖሩ ወገኖቻችን ሚያዝያ መጨረሻ ላይ በንጉሡ ቀን መንገዱ ሁሉ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ የእግር ኳስ ቡድናቸውንማ ሁላችንም እናውቃለን። ልብ በሉ፤ ከተማዋ ራሷ በ1713 በዩትሬክት ውል ለፈረንሳይ ተሰጥታለች። ማዕረጉ ብቻ ቀርቷል፤ የኔዘርላንድስ አልጋ ወራሽ እስከ ዛሬ የሚጠሩት በዚያች በሌላ አገር ከተማ ስም ነው።

የዝምተኛው ዊልያም የልጅ ልጅ ልጅ፣ እሱም ዊልያም፣ በ1688 ጦር ይዞ እንግሊዝ ገባና በማግሥቱ ዓመት ከሚስቱ ከሜሪ ጋር ነገሠ። በ1690 አየርላንድ ውስጥ ቦይን ወንዝ ላይ ካቶሊኩን ንጉሥ ጄምስ ሁለተኛን ድል አደረገው። የአየርላንድ ፕሮቴስታንቶች ድሉን አልረሱም። በ1795 «የኦሬንጅ ማኅበር» አቋቋሙ፤ እስከ አሁን በየዓመቱ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ብርቱካናማ መታጠቂያ አንገታቸው ላይ አድርገው ይሰለፋሉ። በሰሜን አየርላንድ አንድ ሰው ብርቱካናማ ቢለብስ ልብስ ለበሰ አይባልም፤ ወገኑን ተናገረ ነው። በ1848 ቶማስ ፍራንሲስ ማኸር ያቀረበው፣ ዛሬ የአየርላንድ ሪፐብሊክ ሰንደቅ የሆነው፣ አረንጓዴ ለካቶሊኮች፣ ብርቱካናማ ለፕሮቴስታንቶች፣ ነጩ በመካከላቸው ለሚወርደው ሰላም ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ከሕንድ የመጣ የፍሬ ስምና ከፈረንሳይ የመጣ የውኃ አምላክ ስም በአየርላንድ ሰንደቅ ላይ የሃይማኖት ወገን ሆነው ተሰቅለዋል።

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ኦሬንጅ የሚባል ታላቅ ወንዝ አለ። ውኃው ደፍራሽ ስለሆነ በቀለሙ የተሰየመ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ አይደለም፤ በ1779 ለኔዘርላንዶች ልዑላዊ ቤት ክብር የተሰጠ ስም ነው። ኒው ዮርክም በ1673 ኔዘርላንዶች መልሰው ሲይዟት ለአንድ ዓመት ያህል «ኒው ኦሬንጅ» ተብላ ነበር። የከተማዋ ሰንደቅ ዛሬም ሰማያዊ፣ ነጭና ብርቱካናማ ነው።

ስለ ካሮት የሚወራውን እዚህ ላይ ማስተካከል አለብኝ። ካሮት መጀመሪያ በመካከለኛው እስያ ሲለመድ ሐምራዊና ቢጫ ነበር። ብርቱካናማው ዓይነት በኔዘርላንድስ ገበሬዎች እጅ በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን መስፋፋቱ እውነት ነው፤ በዘመኑ ሥዕሎችም ይታያል። «ለኦሬንጅ ልዑል ክብር ብለው አዳቀሉት» የሚለው ግን ማስረጃ የሌለው ጨዋታ ነው። ገበሬ ካሮት የሚመርጠው ስለሚጣፍጥና ስለሚሸጥ ነው።

በ20ኛውና በ21ኛው መቶ ዘመን ቃሉ ሌሎች ሸክሞችም ተጭነውበታል። አሜሪካ በቬትናም ጦርነት የደን ቅጠል ለማራገፍ የረጨችው «ኤጀንት ኦሬንጅ» የተባለው መርዝ ራሱ ብርቱካናማ አልነበረም፤ ስሙን ያገኘው በርሜሉ ላይ ከተቀባው ብርቱካናማ ቀለበት ነው። በ2004 የዩክሬን ሕዝብ አደባባይ የወጣበት እንቅስቃሴ በዚሁ ቀለም ተጠርቷል። በረራ ላይ «ጥቁር ሳጥን» የሚባለው መሣሪያ ደግሞ በፍርስራሽ ውስጥ ቶሎ እንዲታይ ብርቱካናማ ይቀባል፤ ስሙና መልኩ ተጣልተው ይኖራሉ።

በትምህርት ቤት ቀስተ ደመና ሰባት ቀለም አለው ተብለን ተምረናል፤ ብርቱካናማም አንዱ ነው። አይዛክ ኒውተን መጀመሪያ ላይ ዋና ዋናዎቹን አምስት አድርጎ ቆጥሯቸው ነበር። ብርቱካናማንና ኢንዲጎን ጨምሮ ሰባት ያደረጋቸው በኋላ ነው፤ ከሙዚቃ ሰባት ድምፆች ጋር ሊያስማማ ፈልጎ። ብርሃኑ ራሱ ድንበር የለውም። የ1502ቱ ሒሳብ ጸሐፊ ያቆየው ስም ባይኖር ኖሮ ኒውተን ለዚያ ቦታ ምን ብሎ እንደሚጽፍ አላውቅም፤ ምናልባት እሱም እንደ ቾሰር በሁለቱ መካከል ይል ነበር።

ፍሬው ደግሞ ስሙን ሁልጊዜ አይመስልም። ብርቱካን ልጣጩ ብርቱካናማ የሚሆነው ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ነው፤ ብርዱ አረንጓዴውን ክሎሮፊል ያጠፋዋል። ሙቀት በማይለይበት ቆላ በስሎ ጣፍጦም ልጣጩ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል፤ በአገራችን ገበያ እንዲህ ያለውን ስታገኙ አልበሰለም ብላችሁ አትለፉት። በሌሎች አገሮች ገዢው መልክ ስለሚፈልግ ነጋዴዎች ኤትሊን በሚባል ጋዝ አረንጓዴውን ያጠፉታል። በአሜሪካ ልጣጩን በቀለም መንከርም ተፈቅዶ ቆይቷል። ፍሬ ለቀለም ስም ሰጠ፤ ከ500 ዓመት በኋላ ደግሞ በስሙ እንዲጠራ እየተቀባ ገበያ ይወጣል። ይህ ለእኔ ነውር ነው።

አንድ ልመና አለኝ። ዛሬ በአዲስ አበባ ልብስ ቤቶች «ብርቱካናማ» ከማለት «ኦሬንጅ» ማለት ቀሏል፤ በዚህ አላዝንም፣ ቃል እንዲህ ይዞራል፤ ሁለቱም ስደተኞች ናቸው። የሚያሳስቡኝ በፈረስና በከብት ላይ ብቻ የቀሩት የራሳችን የቀለም ስሞች ናቸው፤ ዳማ፣ ዳለቻ፣ ቡላ፣ ቦራ የመሳሰሉት። በየአገሩ ትርጉማቸው ሳይለያይ አይቀርም። ገጠር አባትና እናት፣ አያት ያላችሁ ሁሉ ስትሄዱ ጠይቁ። ስፌት የሚሰፉትንና ሸማኔዎችንም ጠይቁ። የሰማችሁትን ቃል፣ የተነገረበትን ነገር፣ ቦታውንና ዓመተ ምሕረቱን ጻፉና አቅራቢያችሁ ለሚገኝ ቤተ መጻሕፍት ስጡ።